ዮስጢኖስ ሰማዕትና የዘመናችን ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ ብዙዎች «እውነት እንደ ሰዉ ነው፤ ለሁሉ የሚሆን አንድ እውነት የለም» ይላሉ። ለዚህ አሳብ መልስ ከሚሰጡን አንዱ በሰማርያ አገር በናብሎስ የተወለደው ጥንታዊው መምህር ዮስጢኖስ ሰማዕት ነው።

ዮስጢኖስ ከኢስጦኢኮች ወደ አርስጣጣሊስ፥ ከፒታጎራስም ወደ አፍላጦን ተከታዮች እየዞረ እውነትን ፈለገ። በመጨረሻ በባሕር አጠገብ ያገኘው አንድ ሽማግሌ ወደ ነቢያት መጻሕፍት ቢመራው አመነ። ካመነም በኋላ የፈላስፋ ልብሱን አልጣለም፤ ጠቢባን ያገኙት እውነት ሁሉ ከእግዚአብሔር ቃል የተዘራ ዘር ነው፥ ምሉዑ ቃል ግን ክርስቶስ ነው ብሎ አስተማረ። ስለ ክርስቲያኖችም ለቄሣሩ ለአንጦኒኖስ ጽፎ ተከራከረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ165 ዓ.ም. ገደማ በሮም አንገቱን ተሰይፎ ሰማዕት ሆነ።

እንግዲህ እናስተውል፤ ለሁሉ የሚሆን እውነት ከሌለ፥ በተከራካሪዎች መካከል ፈራጁ ሰይፍ ብቻ ይሆናል። ዮስጢኖስ ግን ሰይፍ ሳይዝ ቆሞ፥ ዳኛውንም እርሱንም የሚዳኝ እውነት መኖሩን በደሙ መሰከረ።

ስለዚህ የሚጠራጠሩ ልጆቻችንን አንናቃቸው፤ በልባቸው የተዘራውን አክብረን ወደ ምሉዑ እውነት በትዕግሥት እንምራቸው። እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።