ደጋን የሚሆን ዛፍ፤ ከመቍረጥ በፊት ማወቅ

(በተማሪዎች የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)



ደጋን ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ጥጥ የሚነደፍበትን ነው። አዳኝና ወታደር ይይዙት የነበረው ደጋንም ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም፤ የጐበጠ እንጨትና የተወጠረ አውታር ነው። ዛሬ ማታ ግን ስለ ፍላጻው ወይም ስለ ጦርነቱ ለመናገር አልተነሣንም። የምንናገረው ደጋን ሠሪ ዱር ገብቶ ዛፉን እንዴት እንደሚለይና እንዴት እንደሚወስድ ነው። ነገሩ የእንጨት ጠራቢ ወሬ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ከዱሩ ጋራ እንዴት እንደሚኖር የሚያሳይ ሆኖ ስላገኘነው ለጉባኤው ልናቀርበው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደጋን ሲሳብ በእንጨቱ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ይሠራሉ። ወደ ዒላማው የዞረው ጀርባው ይለጠጣል፤ ወደ ተኳሹ የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። መለጠጥን የማይችል እንጨት ከጀርባው ይሰነጠቃል፤ መጨመቅን የማይችል ደግሞ ጐብጦ ይቀራል። ስለዚህ የሚፈለገው ጠንካራ የሆነ እንጨት ሁሉ ሳይሆን፣ ጐብጦ ወደ ቦታው የሚመለሰው ነው።

በአውሮፓ ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የተመረጠው «ዩ» የተባለው ዛፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ዕድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ ቅጠሉና ዘሩ መርዝ አለባቸው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ እንጨት መለጠጥን፣ የመካከሉ ቀዩ እንጨት መጨመቅን ይችላል። ሠሪው ሁለቱን አጣምሮ ከአንድ ግንድ ቢፈልጥ ተፈጥሮ ራስዋ ያጣበቀችውን ደጋን ያገኛል። ይህ ዕውቀት የትናንት አይደለም። በ1991 በኢጣልያና በአውስትሪያ ጠረፍ በበረዶ ውስጥ አስከሬኑ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረው ሰው፣ 1.82 ሜትር የሚረዝም ደጋን ነበረው። እንጨቱ ከዚሁ ዛፍ የተጠረበ ነበር፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም ነበር።

እንግዲህ ሠሪው በዱር ውስጥ ምን ይመለከታል? አንደኛ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ቅርንጫፍና ጉጥ የሌለው ቀጥ ያለ ግንድ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ቅርፊቱን ያያል፤ የቅርፊቱ መስመር ግንዱን እየዞረ ከወጣ የውስጡም እንጨት አብዛኛውን ጊዜ የተጠማዘዘ ስለሆነ ይተወዋል። ሦስተኛ፣ የቆመበትን ስፍራ ያያል። ለብቻው በሜዳ ላይ የበቀለ ዛፍ ቅርንጫፉን ወደ ጐን ይዘረጋል፤ በሌሎች ዛፎች ጥላ መካከል ያደገ ግን ብርሃን ፍለጋ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ከተቈረጠ በኋላም ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። መጋዝ የእንጨቱን ጭረት አቋርጦ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ግንዱ በሽብልቅ ይፈለጣል፤ ሽብልቅ ጭረቱን ተከትሎ ይሄዳልና። ውኃው በጫፎቹ በኩል ፈጥኖ ወጥቶ እንዳይሰነጠቅ ጫፎቹ በሰም ወይም በስብ ይቀባሉ። ከዚያም ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ብቻውን ግን አይበቃም። የእንግሊዝ አገር ታሪክ ምስክራችን ነው። እንግሊዞች በረጅሙ ደጋን ስለታመኑ፣ የአገራቸውም ዛፍ ስላልበቃቸው፣ እንጨቱን ከውጭ ማስመጣት ጀመሩ። በ1472 በወጣው ሕግ ነጋዴው ለሚያመጣው ለያንዳንዱ ቶን ዕቃ 4 የደጋን ፍልጥ እንዲያመጣ ታዘዘ። በ1484 ደግሞ ለያንዳንዱ በርሜል የተወሰነ ዓይነት ወይን ጠጅ 10 ፍልጥ ተጣለበት። በ1545 የሰጠመችው «ሜሪ ሮዝ» የተባለች የጦር መርከብ ቅሪት በ1982 ከባሕር ወጥቷል፤ ከውስጧም 137 ሙሉ ደጋኖች ተገኝተዋል። ይህ የአንዲት መርከብ ብቻ ነው።

ፍልጡ የሚመጣበት የባቫርያና የአውስትሪያ ደን ይህን መሸከም አልቻለም። በ1507 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት የባቫርያው መስፍን ቈረጣውን እንዲያስቆም ጠየቀ፤ ንግዱ ግን ትርፍ ስለነበረው አልቆመም። በ1562 የባቫርያ መንግሥት ራሱ ለንጉሠ ነገሥቱ ረዥም አቤቱታ ጻፈ። አቤቱታው እንደሚለው፣ እነዚህ ዛፎች ተመርጠው በተቈረጡ ጊዜ የደኑ ጥላ ስለሚከፈት ነፋስ ገብቶ ጐረቤቶቻቸውን ይጥላል። በ1568 ሌላ የመቍረጥ ፈቃድ ሲጠየቅ አልተሰጠም፤ የሚቈረጥ ዛፍ አልነበረምና። ዛፉን መለየት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ የሚያድግበትን ዘመን ግን ማንም አልቈጠረለትም።

አሁን ወደ ሌላ አህጉር እንሻገር። በሰሜን አሜሪካ፣ በኔቫዳ ደረቅ ምድር የሚኖሩት የጥንት ባለ አገሮች ደጋናቸውን የሚያወጡት የኛ ጽድ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ነበር። እነርሱ ዛፉን አይጥሉትም። ከቆመው ግንድ ላይ ቀጥ ያለውን ክፍል ይመርጡና ከላይና ከታች ብቻ ይቈርጡታል። በሁለቱ ቍራጮች መካከል ያለው እንጨት እዚያው ግንዱ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ጊዜው ሲደርስ ይፈለጣል፤ ዛፉም መኖሩን ይቀጥላል። በቍስሉ ላይ የሚያድገው አዲስ እንጨትም ቀጥ ያለ ስለሚሆን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከዚያው ስፍራ ሌላ ፍልጥ ይወጣል። ፊሊፕ ዊልክ የተባለው የአሜሪካ የጥንት ታሪክ ተመራማሪ ይህን በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ ገልጾታል። ደጋን ሠሪዎቹ ካለፉ በኋላ ዛፎቹ ጠባሳቸውን ይዘው ቆመው ተገኝተዋል።

ጓደኞቻችን፤ የሁለቱ ልዩነት በእጅ ጥበብ አይደለም። የባቫርያ ቈራጭም የኔቫዳ ቈራጭም ቀጥ ያለውን እንጨት ያውቁ ነበር። ልዩነቱ አንደኛው ለሩቅ ገበያ ሲቈርጥ፣ ሁለተኛው ልጁ ተመልሶ ወደሚመጣበት ዛፍ መሄዱ ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። በሰሜኑ ደጋችን በብዙ ስፍራ ጽድና ወይራ ተሰብስበው የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ገበሬያችንም ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩን የሚሠራው ከዛፍ ነው፤ የትኛው እንጨት ለየትኛው እንደሚሆን፣ በየትኛው ወር እንደሚቈረጥ፣ የትኛው እንደሚተው የሚያውቅ ሽማግሌ በየመንደሩ አለ። ዕውቀቱ ግን በአብዛኛው በቃል እንጂ በጽሑፍ አይገኝም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ደብተርና እርሳስ ይዘን ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። የዛፉን ስም በአካባቢው ቋንቋ እንጻፍ፤ ቅጠሉንና ፍሬውንም አድርቀን እናምጣ። ከሁሉ በላይ ግን «ከቈረጣችሁ በኋላ ምን ትተዉ ነበር?» ብለን መጠየቅን አንርሳ። የዕፅዋት ትምህርት መምህራኖቻችን ስሙን በማጣራት እንደሚረዱን ተስፋ እናደርጋለን። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህ ሥራ ይስማማል፤ ዛፉም ሽማግሌውም ገና ሳሉ መጠየቅ ይሻላልና።