የብርድ ወራትና የትንሿ ወፍ አማና

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ሊያስገርም ይችላል። በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በሲያትልና በአካባቢው፣ ብዙ ሰዎች በረንዳቸው ላይ ለወፍ የስኳር ውሃ ይሰቅላሉ። በዚያ የሚኖሩ ሙስሊም ወገኖቻችንም ይህን ልማድ ያውቁታል። የብርድ ወራት ሲገባ ግን ውሃው በረዶ ይሆናል። እንዴት እንጠብቀው? ለወፍስ ይህን ያህል መድከም ተገቢ ነውን? ሁለቱንም ጥያቄ በአላህ ፈቃድ እንመለከታለን።

ወፏ ሃሚንግበርድ ትባላለች። ከ300 በላይ ዝርያዎች አሏት፤ ሁሉም የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። በአገራችን አበባ የምትቀስመውን ባለረጅም ምንቃር ወፍ ብትመስልም ዘሯ ሌላ ነው። ከነዚህ አንዷ፣ አናስ ሃሚንግበርድ የምትባለው፣ በሲያትል ክረምቱንም ትቆያለች። በካናዳ የቫንኩቨር ከተማ በ2017 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ወፍ አድርጎ መርጧታል። ክብደቷ ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው። ስትበር ልቧ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይመታል። በብርድ ሌሊት የሰውነት ሙቀቷንና የልብ ምቷን በእጅጉ ዝቅ አድርጋ እንደ ሞተች ሆና ታድራለች። ጎህ ሲቀድ ያጠራቀመችው ኃይል ስላለቀ ቶሎ ምግብ ማግኘት አለባት። ሱብሐነላህ! ይህን ሁሉ በ4 ግራም አካል ውስጥ ያኖረ ጌታ ምንኛ ታላቅ ነው!

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ውሃው የሚዘጋጀው 1 እጅ ተራ ነጭ ስኳር በ4 እጅ ውሃ በማሟሟት ነው። ማርም ሆነ ቀለም አይጨመርበትም፤ ማር በቀላሉ ይቦካል፣ ወፏንም ሊያሳምም ይችላል። ይህ ውሃ ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ሲል ይረጋል። ስኳር ማብዛት የሚያዘገየው በጥቂቱ ስለሆነ በሱ አንተማመን።

ቀላሉና አስተማማኙ ዘዴ መጠጫውን ማታ ማስገባት፣ ጎህ ሲቀድ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ የሙስሊም ቤት የታደለ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ሲያትል ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ በኛ አቆጣጠር ነው። መግሪብን ሰግደን፣ ሲጨልም እናስገባዋለን። ለፈጅር የተነሳ ሰው ደግሞ ከሰላቱ በኋላ ወፏ ሳትነቃ ያወጣዋል። ቀን ላይም ብርዱ ከበረታ ሁለት መጠጫ ይዞ ማፈራረቅ ነው፤ አንዱ ሲረጋ ሌላው ከቤት ይወጣል። ነፋስ በማያገኘው ጣሪያ ሥር፣ በመስኮት አጠገብ መስቀልና ዙሪያውን በሱፍ ካልሲ መጠቅለልም ይረዳል። ሙቀት የሚሰጥ የድሮ ዓይነት አምፖል በቅርቡ ማብራት ይቻላል፤ ኤልኢዲ አምፖል ግን በቂ ሙቀት የለውም። ገመዱ ለደጅ የተሠራ ይሁን፤ አምፖሉም ጨርቅና ፕላስቲክ አይንካ። ዕቃው በየጊዜው በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ውሃውም ይቀየር።

"ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ለምን እንጨነቃለን?" የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወፍ ጠዋት ተርባ ወጥታ ማታ ጠግባ እንደምትመለስ ነግረውናል። ነገር ግን ወፏም ቢሆን ትወጣለች እንጂ ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣ አትጠብቅም። የኛ እጅም ለሪዝቋ ሰበብ ከሆነ ለኛው ምንዳ ነው። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው አላህ እንደማረው፣ ድመት አስራ ያስራበችው ሴት ደግሞ እንደተቀጣች ከሐዲስ እናውቃለን።

ሃሚንግበርድ ግን አልታሰረችም፤ ነፍሳትም ትበላለች። ስለዚህ መጠጫ ያልሰቀለ ሰው ኃጢአት አለበት አንልም። ሆኖም በረንዳችን ላይ ምግብ እንዳለ ያስለመድናት እኛ ነን። አበባው ረግፎ ነፍሳቱ በጠፉበት በዚያ ጠዋት ወደ ለመደችው ቦታ መጥታ በረዶ ብታገኝ ምን እንላለን? በሞቃቱ ወር ሁሉም ይሰቅላል፤ አማና የሚፈተነው በብርዱ ጠዋት ነው። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው መሆኑን ተምረናል። መንገድ የሚሄድ ሰውም ለጎረቤቱ አደራ ሊሰጥ ይገባል።

ሚዛን ግን እንጠብቅ። ለወፍ ስኳር እየሰቀልን የተቸገረ ጎረቤትን ብንረሳ፣ ዘካችንን ብናዘገይ፣ ለወላጆቻችን ስልክ መደወል ቢከብደን ነገሩ ተገልብጧል። አንድ ኩባያ ስኳር ብክነት አይደለም፤ ብክነቱ ርኅራኄያችን በረንዳ ላይ ሲቀር ነው።

እናንተ በአገር ቤት ያላችሁም፣ ጭነት የከበደባት አህያና ውሃ የራቃት ዶሮ በደጃችሁ አሉ። ልጆቻችሁን በዚህ አሠልጥኑ፤ ማታ አስገቢ ጠዋት አውጪ አድርጓቸው። ትንሽ አማና የጠበቀ ልጅ ትልቁንም ይጠብቃል።

አላህ ለፍጡራኑ ከሚያዝኑት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።