ለሕግ ፈተና እንዴት እንዘጋጅ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ፈተና ሲቃረብ የሁላችንም ሥራ አንድ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥሮች እንደ ዳዊት እንደግማለን። ይህ ብቻውን እንደማይበቃ ያለፈው መንፈቅ ውጤት አስተምሮናል። ቁጥሩን ሳንሳሳት ጽፈን ነጥብ ያጣን ብዙዎች ነን። መምህሩ በደሉን ብለን አማርረን ነበር፤ ወረቀታችንን መልሰን ስናነበው ግን ራሳችንን የበደልነው እኛው ነበርን።

አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ሰው ቤቱን በሁለት ምስክሮች ፊት በጽሑፍ ይሸጣል፤ ውሉ ግን በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት አልተደረገም። ቆይቶ ሻጩ ውሉ ይፍረስልኝ ይላል። ቁጥር 1678ን በቃሉ ያጠና ተማሪ ችሎታ፥ ስምምነት፥ ጉዳይ፥ ፎርም ብሎ ዘርዝሮ ብዕሩን ያስቀምጣል። በሚገባ የተዘጋጀው ግን ፍሬ ነገሩን ለይቶ ጭብጡ ፎርም መሆኑን ይይዛል፤ ቁጥር 1723ን ይጠቅሳል፤ ፈራሽነትን ማን ሊጠይቅ እንደሚችል ከቁጥር 1808 ይመረምራል፤ ከዚያም ሳይፈርድ በፊት የገዢውንም የሻጩንም ክርክር ይጽፋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ስለ ሆነ፥ በጉዳዩ ላይ የተሰጡትን ውሳኔዎችም አስቀድሞ አንብቧል።

ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት የባላጋራውን ቃል አስቀድሞ ያልገመተ ተሟጋች ይረታ ነበር።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ሦስት ሆነን እናጥና፤ አንዱ ገዢ፥ አንዱ ሻጭ፥ አንዱ ዳኛ ይሁን፤ በየሳምንቱም ቦታ እንለዋወጥ። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሰዓት ይዘን በጽሑፍ እንመልስ፤ አንዳችን የሌላችንን ወረቀት ሳንራራ እናርም። በዋዜማው ሌሊት እንተኛ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን፤ የታረመው ወረቀት ከነአስተያየቱ ይመለስልን። ማርክ ብቻውን መውደቃችንን ይነግረናል እንጂ የት እንደ ወደቅን አያሳየንም።

ወገኖቻችን፤ ነገ በፊታችን የሚቆመው የፈተና ወረቀት ሳይሆን ቤቱን ሊያጣ የደረሰ ሰው ነው። ያን ቀን ቁጥሩን በቃላችን ማወቃችን ብቻውን አያድነውም።