መጀመሪያ ጆሮዋን እዩ

የዛሬው ወጋችን ስለ ጥንቸል ነው፤ አረብኛ የሚቀናቸው ጎረቤቶቻችን አርነብ ይሏታል። ለሥጋ ወይም ለሽያጭ ስለማርባት አላወራም። በቤት ውስጥ ወዳጅ አድርጎ ስለመያዝ፣ በተለይም ትንሽ ዝርያ መርጦ ስለመያዝ ነው የማወጋችሁ።

ከራሴ ልጀምር። ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላት ከመዳፍ የማትበልጥ ግራጫ ጥንቸል ገዛሁላት። ሻጩ "ትንሽ ዝርያ ናት፤ ከዚህ ብዙም አታድግ" አለኝ፤ አመንኩት። ወሩ መጋቢት ነበር። ሳጥኗን በረንዳው ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር አኖርኩላት። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ በጎኗ ተጋድማ፣ አፏን ከፍታ ስታለከልክ አገኘኋት። ሳይመሽ ሞተች። ልጄ ሣር ይዛ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ የጠየቀችኝን ጥያቄ አልረሳውም፤ "ምን አድርገናት ነው?" አለችኝ። ያን ጊዜ መልሱን አላውቀውም ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን መልስ ፍለጋ ስሄድ የተማርኩትን ነው።

በመጀመሪያ የዱሯንና የቤቷን እንለይ። በአማርኛ ሁለቱንም ጥንቸል እንላቸዋለን፤ ነገር ግን የተለያዩ እንስሳት ናቸው። በእርሻችን ዳር ብድግ ብላ የምትሮጠው የዱሯ ጥንቸል እግረ ረጅም ናት፤ ጉድጓድ አትቆፍርም፤ የምትወልደው በሜዳ ላይ ነው። ልጇ ፀጉር ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ይወለዳል። በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖር፣ በሳይንስ ስሙ ሌፐስ ፋጋኒ የተባለ ዝርያም አለ። የቤቷ ጥንቸል ግን ዘሯ የሚመዘዘው ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ነው፤ ጉድጓድ ቆፋሪ ናት፤ ልጆቿም ራቁታቸውንና ዓይናቸው ተከድኖ ይወለዳሉ። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆች በሣር መሐል የዱር ጥንቸል ልጅ ሲያገኙ "እናቷ ጥላት ሄዳለች" ብለው ወደ ቤት ያመጣሉ። እናቷ አልጣለቻትም። ጠላት እንዳያገኛቸው ልጆቿን ለየብቻ ደብቃ ትውላለች፤ የምታጠባቸው ሲመሽ ነው። ያገኛችኋትን ባለችበት ተዉአት። በቤት ብትያዝም ከድንጋጤ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ አትቆይም።

አሁን ወደ ዝርያዎቹ እንምጣ። ትልልቆቹን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። ኒውዚላንድ የሚባለው ነጩ ዝርያ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ፍሌሚሽ ጃይንት ደግሞ 6 ኪሎ አልፎ ይሄዳል። እነዚህን ትንሽ ልጅ ሊያነሳቸው አይችልም። ከትንንሾቹ ስመ ጥሩ ኔዘርላንድ ድዋርፍ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሆላንድ የተገኘ ድንክ ጥንቸል ነው፤ ከ1 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ፊቱ ክብ፣ ጆሮው አጭር፣ ዓይኑ ትልቅ ነው፤ ሲያረጅም ግልገል ይመስላል። ሌላው ሆላንድ ሎፕ የሚባለው፣ ጆሮው ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። አድሪያን ደ ኮክ የተባለ ሆላንዳዊ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት እያዳቀለ ያገኘው ነው፤ ከ2 ኪሎ በታች ይመዝናል። ሦስተኛው ደች ይባላል፤ በደረቱ ዙሪያ ነጭ መቀነት የታጠቀ ነው፤ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ፀጉሩ አጭር፣ ጆሮው መካከለኛና ቀጥ ብሎ የቆመ ነው።

በሥዕል ያያቸው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ነው። እኔ ግን ለከተማችን ለአሶሳ ቤት ሦስተኛውን የሚመስለውን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ጆሮ ነው።

ጥንቸል እንደኛ አታልብም፤ እንደ ውሻም በማለክለክ ሙቀቷን በደንብ አታወጣም። የምትቀዘቅዘው በጆሮዋ ነው። በጆሮዋ ውስጥ የተዘረጉት የደም ሥሮች ሙቀት ሲበዛ ይሰፋሉ፤ ደሙም ከቀጭኑ ቆዳ ሥር እየዞረ ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣል። የሚስማማት አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለው ነው፤ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። በእኛ ከተማ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከ30 ዲግሪ የሚያልፍባቸውን ከሰዓት በኋላዎች የማያውቅ የለም። እንግዲህ በቀዝቃዛ አገር የተዳቀለው፣ ጆሮው ያጠረው ድንክ፣ ወይም ጆሮው ታጥፎ ጉንጩ ላይ የተኛው ሎፕ፣ እዚህ ሲመጣ ማቀዝቀዣው ተቀንሶበት የመጣ ነው። ፀጉረ ረጅሞቹማ ካፖርት ለብሰው ቆላ እንደ ወረዱ ናቸው።

ድንክነት ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። ፊት ሲያጥር መንጋጋም ያጥራል፤ ጥርስ ግን እንደ ድሮው ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ የፊት ጥርሷ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ላይና ታቹ ካልገጠመ አይፋጭም፤ ካልተፋጨ ደግሞ አድጎ አፏን ይዘጋዋል። ከዚህ የሚከብደው በዘር የሚወርደው ነው። ድንክ የሚያደርገውን ባሕርይ ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ግልገል በተወለደ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ሁለት ድንኮች ሲዳቀሉ በአማካይ ከአራት ልጆች አንዱ ይህ ዕጣ ይደርሰዋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ "ምንኛ ታንሳለች!" የሚለው አድናቆት ከአፌ አይወጣም።

በእርግጥ በአገራችን የምናገኘው ጥንቸል አብዛኛውን ጊዜ የዘር ወረቀት የለውም፤ ቅይጥ ነው። ስለዚህ የዝርያውን ስም ትታችሁ እንስሳዋን ራሷን እዩ። ሻጩን "እናቷን አሳየኝ" በሉት። የልጅቱን የነገ መጠን የሚነግራችሁ የእናቷ ቁመና ነው። እናቷ ትልቅ ከሆነች ትንሽ ዝርያ የተባለችው በአራት ሳምንቷ ከጡት የተነጠቀች ሕፃን ናት ማለት ነው፤ የእኔዋ እንዲያ ነበረች። ጥንቸል ከእናቷ መለየት ያለባት ስምንት ሳምንት ሲሞላት ነው፤ ከዚያ በፊት ሆዷ ሣር ለመፍጨት አልጸናም። ከዚያ ጆሮዋን እዩ፤ ቀጥ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ውስጡ ቅርፊት የሌለው ይሁን፤ ቅርፊት ካለው የእከክ ምልክት ነው። ከንፈሯን ቀስ አድርጋችሁ ገልጣችሁ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ትንሽ ቀድሞ መግጠሙን ተመልከቱ። አፍንጫዋ ደረቅ፣ ከጅራቷ ሥር ንጹሕ ይሁን። ጥንቸል ብቸኝነት አትወድም፤ ስለዚህ ሁለት ብትይዙ መልካም ነው። ሁለቱ ግን የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሴቶች ይሁኑ። ወንድና ሴት ካደረጋችሁ በ31 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ በወለደች ማግስትም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች።

ቤቷን በተመለከተ አሶሳ የታደለች ናት። ቀርከሃ አለን። ቀርከሃ ተሰንጥቆ ሲሠራ ነፋስ የሚያሳልፍ ጎጆ ይወጣዋል፤ ብታኝከውም አይጎዳትም፤ እንዲያውም ጥርሷን ይሞርድላታል። ወለሉን ግን በገለባ ሸፍኑት፤ እግሯ እንደ ውሻ ወፍራም መዳፍ የለውም። የጎጆውን እግሮች አሮጌ ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቁሟቸው፤ የእኛን አገር ምስጥና ገብረ ጉንዳን ታውቁታላችሁ። ቦታው ከማንጎው ጥላ ሥር ይሁን፤ ከቆርቆሮ ሥር በፍጹም አይሁን። ማታ ማታ ድመትና ጥርኝ እንዳያገኛት ወደ ውስጥ አስገቧት። በበጋው ሙቀት ደግሞ ይህን አድርጉ፦ የተሰበረ የእንስራ ገል ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጎጆዋ ውስጥ አስቀምጡላት። ሸክላው ውሃውን እያተነነ ይቀዘቅዛል፤ ሄዳ ሆዷን ዘርግታ ትተኛበታለች። ክረምቱ ረጅም ስለሆነም ከግንቦት ጀምሮ ዋናው ጠላት እርጥበት ነውና ገለባውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ምግቧ በዋናነት ሣርና ድርቆሽ ነው። ካሮት ማለት ለእሷ ከረሜላ ነው። ዝናብ የመታውን ሣር ጠውለግ ሳይል አትስጧት፤ ሆዷ ሊነፋ ይችላል። የስኳር ድንች ቅጠልና በሶብላ ይስማማታል፤ የቀርከሃ ቅጠልም፣ ቡቃያው ሳይሆን ቅጠሉ፣ በጥቂቱ ይሆናታል። በማንጎ ወቅት ጥፍር የምታክል ቁራጭ በሳምንት አንዴ ብትቀምስ አይከፋም። አቮካዶ፣ ሽንኩርትና የቲማቲም ቅጠል ግን መርዝ ናቸው። ሌሊት የሚወጣውን ለስላሳ ኩስ መልሳ ስትበላ ብታዩአት አትደንግጡ፤ ምግቧን ሁለተኛ የምትፈጭበት ተፈጥሯዊ መንገድ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ስትታመም ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝታችሁ በአፏ አትስጧት። በሆዷ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይጨርስና ይገድላታል። ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዷት።

አንዳንድ ክርስቲያን ወዳጆቼ መያዙ ያስፈራቸዋል። የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የሚናገረው ስለ መብላትና በድን ስለ መንካት ነው፤ በሕይወት ያለችን ፍጥረት መመገብን አይከለክልም። በሙስሊም ቤት ደግሞ አብዛኞቹ ሊቃውንት ሥጋዋን ሐላል ይላሉና፣ ለወዳጅነት እንጂ ለድስት እንዳልመጣች ቤተሰቡ አስቀድሞ ይስማማ። ልጅ ስም ያወጣላትን እንስሳ ከሳህን ላይ ማግኘት የለበትም።

እንግዲህ ጥንቸል መያዝ ለማን ይሆናል? ታቅፎ መጫወት ለሚፈልግ አይሆንም። ጥንቸል ከመሬት መነሳትን ትፈራለች፤ አጥንቷም ቀላል ነውና ስትፈራገጥ የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። በጆሮዋ ማንሳት ደግሞ ጭካኔ ነው። ዝም ብሎ መሬት ላይ መቀመጥ ለሚችል ልጅ ግን የምትሰጠው ብዙ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ትሸሻለች። በሁለተኛው መጥታ ጣቱን ታሸታለች። ስትፈራ የኋላ እግሯን መሬት ላይ ትመታለች፤ ደስ ሲላት አየር ላይ ዘልላ ትጠማዘዛለች፤ ስትረካ ጥርሷን ቀስ አድርጋ ታፋጫለች። ብዙ ድምፅ የማታሰማን ፍጥረት በሁኔታዋ ማንበብ የሚማር ልጅ፣ ሰውንም ሳይናገር መረዳት ይማራል ብዬ አምናለሁ። በደንብ ከተያዘች ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች፤ ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ አብራው ልትኖር ትችላለች። ይህን ያህል ጊዜ ቃል ለመግባት ያልተዘጋጀ ይቆይ።

እኛ ቤት ከዓመት በኋላ ሁለት እህትማማቾች መጡ፤ ቅይጥ፣ ፀጉረ አጭር፣ ጆሮአቸው የቆመ። ባለፈው መጋቢት ከሰዓት በኋላ ልጄ ገሉን ነክራ አስገብታ፣ ጎንበስ ብላ ጆሮአቸውን በእጇ ዳበሰች። "ሞቋል፤ ግን ደህና ናቸው" አለችኝ። ያን ዕለት የጠየቀችኝን ጥያቄ መልስ አሁን እሷም ታውቀዋለች።