ስለ ቀጋና ስለ ኮሸም፤ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ከጎንደር ከተማ ወጥታችሁ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ስትጓዙ፥ በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ የሚበቅለውን ቀጋና ኮሸም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ በእርሻ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ስንዴና ስለ ገብስ ብዙ ተምሬአለሁ፤ የትኛው ቀጋ እንደሚጣፍጥ ያስተማሩኝ ግን እረኞች ናቸው። እረኛ ካገኘው ዛፍ ሁሉ አይለቅምም፤ «ያ ይጎመዝዛል፥ ይኸኛው ሥጋው ወፍራም ነው» ብሎ ይለያል። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚጠቅማችሁ ነው።

የልዩነቱ ዋና ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ቦታው ነው፤ አፈሩ፥ ዝናቡ፥ ፀሐዩና የአገሩ ከፍታ ፍሬውን ይለውጡታል። ሁለተኛው ዘሩ ነው። የዱር ዛፍ ብዙ ጊዜ በንብ አማካይነት ከሌላ ዛፍ ጋር ስለሚዳቀል፥ ከአንድ እናት የወጡት ችግኞች እንደ ሰው ልጆች ይለያያሉ። ሁለቱን ምክንያቶች ለመለየት በአንድ አጥር ላይ ጎን ለጎን የቆሙትን ተመልከቱ። አፈራቸውና ዝናባቸው አንድ ሆኖ ሳለ፥ በየዓመቱ አንዱ ትልቅና ጣፋጭ፥ ሌላው ትንሽና ጎምዛዛ ፍሬ ቢሰጥ፥ ልዩነቱ ከዘር ለመምጣቱ ጥሩ ምልክት ነው።

ልዩነቱ በጣዕም ብቻ አይደለም። የቀጋ ፍሬ ቪታሚን ሲ አለበት፤ መጠኑ ግን ከዛፍ ዛፍና እንደ ፍሬው ብስለት ይለያያል። ይህ ቪታሚን ድድ እንዳይደማ ይጠብቃል፤ በእንጀራና በሽሮ ውስጥ ያለውንም ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን ከውጭ ማስገባት የቸገራቸው እንግሊዞች፥ የቀጋ ዘመድ የሆነውን የዱር ጽጌረዳ ፍሬ አስለቅመው፥ ጣፋጭ ጭማቂ እየሠሩ ለሕፃናት ሰጥተዋል። ስለዚህ «የእረኛ ምግብ ነው» ብላችሁ አትናቁት። ብዙ ማፍላትና ብዙ ማቆየት ግን ቪታሚኑን ይቀንሰዋልና፥ በውስጡ ያለውን ጠጉርና ዘር አውጥታችሁ እንደተለቀመ መብላት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አጥር ሲታደስና ማገዶ ሲያልቅ መጥረቢያ መልካሙን ከክፉው አይለይም። መልካሙ ዛፍ ከነሥሩ ከጠፋ ደግሞ ያው ዓይነት ከዘሩ እንደነበረ ተመልሶ አይገኝም፤ ዘሩ የሌላ አባት ድብልቅ ነውና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ የአገራችንን እህል ዘር ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ የአጥራችሁ ቀጋ ጠባቂ ግን እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፤ እረኞቻችሁን ጠይቃችሁ ጥሩ የተባለውን ዛፍ ምልክት አድርጉበት፤ ሁለት ሦስት ዓመት ፍሬውን ከጎረቤቱ ጋር አመዛዝኑ።

ሁለተኛ፤ የተመረጠውን ቀጋ እንደ ጓሮ ጽጌረዳ ከቅርንጫፉ ቁራጭ ለማብቀል ሞክሩ። በዘር ብትተክሉ ብዙ ችግኝ አብቅላችሁ መምረጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ የኮሸም ወንዴና ሴቴ ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው። «ፍሬ አይሰጥም» ብላችሁ ወንዴውን ሁሉ ብትቆርጡ፥ ሴቴዋም ፍሬ ታጣለች።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ የተመረጡትን ዛፎች ቦታ በየቀበሌው መዝግቡ። ገበሬዎች ሆይ፥ መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት እረኛውን ልጃችሁን ጠይቁት።