ምርምር ከማስረዳት ይጀምራል
ለጤና ባለሙያዎችና ለኅብረተሰብ ተወካዮች በተዘጋጀ የሕክምና ምርምር ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር



እንደምታዩት ወንበሮቹ በሁለት የአዋቂ ሰው እርምጃ ተራርቀዋል፤ መስኮቶቹ ተከፍተዋል፤ ሁላችንም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገናል። ስለዚህ ድምፅ ላይሰማ ይችላል። ያልተሰማው እጁን አውጥቶ ያስደግመኝ፤ እኔም ቅር አልሰኝም።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ብዙ ሥልጠናዎች ተሰጥተዋል። የሕክምና ባለሙያዎች ኦክስጅን አሰጣጥን ተለማምደዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ምልክት ማጣራትንና ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች መለየትን ተምረዋል። የመከላከያ ልብስ አለባበስና አወላለቅም በተደጋጋሚ የተሰጠ ትምህርት ነው፤ በተለይ አወላለቁ፣ ምክንያቱም የተበከለው የልብሱ ውጫዊ ክፍል እጅንና ፊትን በቀላሉ የሚነካው በዚያን ጊዜ ነው። እነዚህ ሁሉ እጅን የሚያሠለጥኑ ትምህርቶች ናቸው። የዛሬው ግን አንደበትንና ጆሮን የሚያሠለጥን ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የሕክምና ምርምር እንዴት እንደሚካሄድ፣ በምርምር እንዲሳተፍ የሚጠየቅ ሰው ምን ሊነገረው እንደሚገባ፣ እርሱስ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንማማራለን።

«ይህ የሐኪሞች ጉዳይ አይደለም ወይ? የእድር ሰብሳቢ እዚህ ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው፤ የሚጠየቀው የእድሩ አባል ነው። ደም እንዲሰጥ፣ አዲስ መድኃኒት እንዲወስድ፣ የቤተሰቡን የጤና ሁኔታ እንዲናገር የሚጠየቀው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ምክር የሚጠይቀው ተመራማሪውን ሳይሆን እናንተን ነው።

በመጀመሪያ ከቃሉ ልነሣ። «የመድኃኒት ሙከራ» ስንል አድማጩ የሚሰማው «ሊሞክሩብኝ ነው» የሚለውን ነው። በቋንቋችን ሙከራ ማለት ውጤቱ ያልተረጋገጠ፣ ሊበላሽም የሚችል ነገር ነውና ሰውየው መፍራቱ አያስደንቅም። በእኔ አስተያየት ፍርሃቱን በማባበል ቃል መሸፈን ትክክል አይደለም። ሙከራ በእርግጥ ውጤቱ አስቀድሞ ያልታወቀ ነገር ነው። የሚያስፈልገው ቃሉን መደበቅ ሳይሆን ሙከራው ለምን እንዳስፈለገና የሰውየው ደኅንነት በምን እንደሚጠበቅ ማስረዳት ነው።

ለምን ያስፈልጋል? በየቤታችን ለኮሮና የተወሰደውን ነገር አስቡ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ጤናዳም። የወሰዱት ሰዎች አብዛኛዎቹ ድነዋል፤ «አድኖኛል» ብለው ሲናገሩም የሚዋሹ አይደሉም። ነገር ግን በኮቪድ-19 ከሚያዙት ሰዎች አብዛኛዎቹ ምንም ሳይወስዱም ይድናሉ። ስለዚህ አንድ ነገር የወሰዱ ሰዎች መዳናቸው ብቻውን ያ ነገር ማዳኑን አያሳይም። የወሰዱትንና ያልወሰዱትን፣ በዕድሜም በሕመም ጽናትም ተመሳሳይ የሆኑትን ሰዎች ጎን ለጎን ማስተያየት ይገባል። የሕክምና ምርምር ዋናው ሥራ ይኸው ነው።

ይህን ስል የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ዕውቀት እያጣጣልሁ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ነው። እናቶች እንዶድን ለሳሙናነት ያወቁት ከጥንት ጀምሮ ነበር፤ ዶ/ር አክሊሉ ደግሞ ያዩትን ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው ፈተኑት፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶዱ መሆኑንም አረጋገጡ። ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የአገር ዕውቀት የተከበረው በመፈተኑ ነው። እንዶድ ከደጃችን የሚበቅል ተክል መሆኑም ከደኅንነት ምርመራ ነፃ አላደረገውም፤ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ሌላስ ምን ይጎዳል ተብሎ መጠየቁ ተገቢ ነበር።

አሁን ወደ ወረርሽኙ ልመለስ። በእንግሊዝ አገር በሆስፒታል በተኙ የኮቪድ ታማሚዎች ላይ «ሪከቨሪ» የተባለ ሰፊ ጥናት ተካሂዷል። ዴክሳሜታዞን የተባለውን ርካሽና የቆየ መድኃኒት በዕጣ የተመደቡ 2,104 ታማሚዎች ወሰዱ፤ 4,321 ታማሚዎች ደግሞ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት መድኃኒቱ በመተንፈሻ መሣሪያ እየተረዱ ካሉት ታማሚዎች መካከል ሞትን በሲሶ ያህል፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ደግሞ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ምንም ጥቅም አላሳየም። ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ለጎረቤት እንድታደርሱልኝ አደራ እላለሁ፤ «ያድናል» የሚለው ወሬ ብቻ ሲሰማ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ይመጣልና። በዚያው ጥናት ብዙ ተስፋ ተጥሎበት የነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን በሆስፒታል ለተኙ ታማሚዎች እንደማይጠቅም ታውቋል። አንዱ እንደሚጠቅም፣ ሌላው እንደማይጠቅም ልናውቅ የቻልነው በጭንቅ ላይ እያሉ «እሺ፣ እሳተፋለሁ» ባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ምክንያት ነው።

«በዕጣ የተመደቡ» ብያለሁ። ዕጣ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ስንቱ ሰው ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ እናውቃለን። ነገር ግን ልዩነት አለ። በቤት ዕጣ የደረሰው ሰው እንደተጠቀመ የታወቀ ነው። በምርምር ዕጣ የትኛው ወገን እንደሚጠቀም ማንም፣ ሐኪሙም ጭምር፣ አያውቅም። ቢታወቅ ኖሮ ዕጣ ማውጣቱ ራሱ ነውር ይሆን ነበር። ዕጣው የሚያስፈልገው ሐኪሙ ሳያስበው ጠንካራ የመሰሉትን ታማሚዎች ለአዲሱ መድኃኒት መርጦ ንጽጽሩን እንዳያዛባው ነው።

ሰዎች በምርምር ስም የተበደሉበት ጊዜ መኖሩንም መሸሸግ አይገባም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ፣ ለ40 ዓመታት፣ የጨብጥ ሳይሆን የቂጥኝ በሽታ የያዛቸው 399 ጥቁር አሜሪካውያን ሕመማቸው በትክክል ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም እንዳይሰጣቸው ተደርጎ የበሽታው አካሄድ ብቻ ይጠና ነበር። ዛሬ ማንኛውም ጥናት ከመጀመሩ በፊት በሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲመረመር፣ ተሳታፊውም አውቆ እንዲስማማ የሚያስገድዱት ደንቦች እንዲጠነክሩ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ በደል ነው። ስለዚህ አንድ አዛውንት «ደሜን ለምን ፈለጋችሁት?» ብለው ቢጠይቁ የዘገየ አስተሳሰብ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ደንቡ ራሱ የቆመው ለዚህ ጥያቄ ነው።

በዚህ ሥልጠና ሰፊውን ጊዜ የምንሰጠው የስምምነት ቅጹን ነው፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነውና። በአገራችን ፊርማ ሰው የሚያስረው ነገር ነው። ሰው የሚፈርመው ለብድር፣ ለዋስትና፣ ለፍርድ ቤት ነው፤ «ፈርመህ» ማለት «ከእንግዲህ መመለሻ የለህም» ማለት ይመስላል። የምርምር ስምምነት ግን በተቃራኒው ነው። የፈረመ ሰው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ምክንያት ሳይሰጥ ሊወጣ ይችላል፤ በመውጣቱም የሚገባው ሕክምና አይቀርበትም። ይህ በቅጹ ላይ ተጽፎ መገኘቱ አይበቃም። በቃል፣ ሰውየው በሚናገረው ቋንቋ፣ ካስፈለገም ሁለት ሦስት ጊዜ ሊነገረው ይገባል። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ የሚነበበው ከምርምሩ ጋር ግንኙነት የሌለው ገለልተኛ ምስክር ባለበት ነው። የጣት አሻራ ማስነካት ብቻውን መስማማት አይደለም።

የሚጠየቀው ሰውስ ምን ይጠይቅ? ጥናቱን የፈቀደው የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው? ከእኔ የሚወሰደው ደም ምን ያህል ነው፣ ለምን ይውላል፣ የት ይቀመጣል፣ ወደ ውጭ አገር ይላካል ወይ? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል? ስሜ ይወጣል ወይ? ውጤቱን ትነግሩኛላችሁ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል መስሎ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ደሙን የሰጠ ሰው ውጤቱን ሳይሰማ ሲቀር በሚቀጥለው ጊዜ በሩን ቢዘጋ አልፈርድበትም።

ስለዚህ ጉዳይ በጎ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወላይታ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የዝሆኔ በሽታ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ በሽታው ለምን በአንዳንድ ቤተሰቦች እንደሚበዛ ለማወቅ የዘር ምርመራ ማድረግ ፈለጉ። ነገር ግን ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው አስቀድሞም የተገለሉ ነበሩ፤ «በዘር ነው» የሚለው ወሬ ጋብቻ ሊያስቀር፣ መገለሉን ሊያባብስ ይችላል። ስለሆነም ደም ከመውሰዳቸው በፊት የአካባቢውን ሕዝብ አነጋገሩ፤ ጥናቱ እንዴት ቢገለጽ ይሻላል፣ ፈቃድስ በምን መንገድ ቢጠየቅ ይበጃል ብለው ጠየቁ። ተጋላጭነት ቢወረስም እንኳ በጫማና በእግር ንጽሕና በሽታውን መከላከል እንደሚቻል አብሮ መነገር ነበረበት። ወረርሽኝ ሲመጣ እንዲህ ያለ ዝግጅት ጊዜ ያባክናል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ለሁለት ሳምንት ሕዝብን ማዳመጥ፣ በወሬ ምክንያት ከሚቆም ጥናት ይቀላል።

ለጤና ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ከባድ ዐረፍተ ነገር ልንለማመድ ነው፤ «እስካሁን አይታወቅም» የሚለውን። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ይህን ሲናገር ክብሩ የሚቀንስ ይመስለዋል፤ ታማሚውም ቁርጥ ያለ ቃል ይፈልጋል። ነገር ግን በአዲስ በሽታ ዘመን ምክር በየወሩ ሊለወጥ ይችላል። ትናንት በእርግጠኝነት የተናገረ ባለሙያ ዛሬ ሌላ ሲናገር ውሸታም ይባላል። «እስካሁን የምናውቀው ይህ ነው፤ ይህኛው ግን ገና እየተጠና ነው» ያለ ባለሙያ ግን ምክሩ ሲለወጥም ይታመናል።

ስለ ሥልጠና ልማዳችንም ጥቂት ልበል። ሥልጠና ሲባል አዳራሽ፣ ቦርሳ፣ ማስታወሻ ደብተርና የውሎ አበል ወደ አእምሮ ይመጣል፤ የምስክር ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አበሉ ለትራንስፖርት ያስፈልጋል፤ በእርሱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሠልጣኙ በመጨረሻው ቀን የሚመዘነው የተነገረውን በማስታወሱ ብቻ ሲሆን ነው። ስለዚህ እዚህ የምትመዘኑት በጽሑፍ ፈተና ሳይሆን በማስረዳት ነው። ያስረዳችሁት ሰው የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ይጠየቃል። መናገር ካቃተው ጉድለቱ የአስረጂው ነው፤ አስረጂውም እንደገና ይጀምራል።

አሁን ወደ ልምምዱ እንለፍ። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ፣ ርቀታችሁን ጠብቃችሁ ተቀመጡ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ የጤና ባለሙያ ቢሆን አንዱ የኅብረተሰብ ተወካይ ይሁን፤ ሚናችሁን ግን ትለዋወጣላችሁ። ባለሙያው ልጃቸው ለምርመራ ደም እንዲሰጥ የተጠየቁ እናት ይሆናል፤ የእድሩ ተወካይ ቅጹን ያስረዳል። ቅጾቹ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅተው ከፊት ጠረጴዛው ላይ አሉ። ሃያ ደቂቃ አላችሁ።