የበዓል ስጦታ ስንገዛ
(የማኅበሩ ጸሐፊ በወሩ ስብሰባ ላይ ካደረጉት ንግግር)



እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው፤ ለልጆች ስጦታ ፍለጋ መርካቶ መውረዳችን አይቀርም። ታዲያ ርካሽ አገኘን ብለን እንዳንታለል። አምና እኔ ራሴ ለወንድሜ ልጅ የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በቅናሽ ገዛሁለት። ልጁ ሲያነብ አድሮ፣ ለካስ የመጨረሻው ቅጠል ተገንጥሏል! ወንጀለኛው ሳይታወቅ ቀረ፤ እኔም አፈርኩ።

ስለዚህ፦
መጽሐፍ ከሆነ መጨረሻውን ገልጣችሁ እዩ።
ሬዲዮ ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ስሙት።
ያገለገለ የእጅ ስልክ ከሆነ *#06# ንኩና የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ። ካልገጠመ ተዉት፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።
ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ።

ከሁሉ በላይ የጳጉሜን ግርግር ሳይመጣ ሁለት ሦስት ሱቅ ዋጋ ጠይቁ። ርካሽ የሚባለው የማይሠራ ዕቃ ሳይሆን፣ ደህናው ዕቃ በትንሽ ዋጋ ሲገኝ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት!